ያመጣ ይመልስ

በልጅነቴ፣ ጊምቢ አቅራቢያ በነበረው ቤታችን፣ ድግስ ሲቃረብ እናቴ ዕቃ ትዋስ ነበር። ከአንዷ ጎረቤት ትልቁን ብረት ድስት፣ ከሌላዋ ስኒዎች፣ ከሦስተኛዋ ደግሞ ለእንግዳ የሚሆን አግዳሚ ወንበር። ከእኛ ከልጆቿ አንዳችንን ጠርታ ትልካለች። ዕቃው ደጃፋችንን አልፎ ገና ከትከሻ ሳይወርድ፣ በኦሮምኛ በአጭሩ «ያመጣ ይመልስ» ትላለች። ሕጉ ይኸው ነበር። ድግሱ ቢደምቅም፣ ዝናብ ቢያስተጓጉለውም፣ ከመሐል መርዶ ቢመጣም፣ ድስቱን ያመጣ ልጅ ድስቱን፣ ወንበሩን ያመጣ ልጅ ወንበሩን ተሸክሞ ይመለሳል። በመጨረሻው ሰዓት፣ ሁሉም ደክሞት ሳለ፣ ምን ከማን ቤት እንደ መጣ የሚያስታውስ ሰው አያስፈልግም ነበር።

ይህ ሕግ ትዝ ያለኝ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ነቀምቴ ውስጥ በተከራየኋት ክፍል ከኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ነው። ውድ አንባቢ፣ ግጥምና ወግ በሚነበብበት ቦታ ስለ ኮምፒውተር ሆድ ዕቃ ማውራቴን ታገሠኝ። ነገሩ የመጠየቅና የመከልከል፣ የመዋስና የመመለስ ነገር ነው።

ከምናያቸው ፕሮግራሞች ሁሉ በታች አንድ የማናየው ፕሮግራም አለ። ከርነል ይባላል፤ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አስኳል ነው። እኔ የማውቀው የሊኑክስን ከርነል ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ ገና ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1991 ጀመረው፤ ዛሬ በየኪሳችን ባሉት የአንድሮይድ ስልኮች ውስጥ ሳይቀር አለ። ከርነሉ አንድ ሥራ ለመሥራት በተነሣ ቁጥር ሜሞሪ ይጠይቃል፤ ማለትም ለጊዜው የሚጽፍበት ባዶ ቦታ። መልሱም ከሁለት አንዱ ነው፦ «እነሆ» ወይም «የለም»። ተራ ፕሮግራም «የለም» ሲባል ተስፋ ቆርጦ ቢዘጋ ጉዳቱ ለራሱ ነው። ከርነል ከወደቀ ግን ማሽኑ ሁሉ ይወድቃል።

ስለዚህ የከርነል ጸሐፊ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ቀጥሎ «ብከለከልስ?» ብሎ ሌላ መንገድ መጻፍ ይኖርበታል። ሦስት ጊዜ ተሰጥቶት በአራተኛው የተከለከለ ኮድ፣ ሦስተኛውን፣ ሁለተኛውን፣ አንደኛውን በመጡበት ተቃራኒ ቅደም ተከተል መልሶ መውጣት አለበት። አንዱን ቢረሳ ያ ቦታ የማንም ሳይሆን ታስሮ ይቀራል። አንዱን ሁለት ጊዜ ቢመልስ ደግሞ ምናልባት ለሌላ የተሰጠውን ቦታ ከሌላው እጅ ይነጥቃል። በሊኑክስ ልማድ እነዚህ የመመለሻ መስመሮች ከኮዱ ግርጌ እንደ ደረጃ ይደረደራሉ፤ የተከለከለው ኮድ «ጎቱ» በምትባል ትእዛዝ ወደሚገባው ደረጃ ይዘልና ከዚያ ቁልቁል ይወርዳል። አንድ ጥያቄ በመሐል በተጨመረ ቁጥር ደረጃው ሁሉ እንደገና መታየት አለበት።

በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለማስተማሪያ የምትሆን አንዲት ትንሽ ድራይቨር እጽፍ ነበር። ሥራዋ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ከመስመሮቿ ግማሽ ያህሉ የመመለሻ ደረጃ ሆነው አረፉት። ለተማሪ ሳሳያት ዋናው ሐሳብ በመከልከል ፍርሃት ተሸፍኖ አይታይም። ላቀላት ፈለግሁ፤ ምክንያትም አላጣሁም።

እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ በሊኑክስ አልሚዎች መካከል አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ቴትሱዎ ሃንዳ የተባለ አልሚ ስለ ተንጠልጥሎ የሚቀር ማሽን ጠየቀ፤ ሲመረመር ብዙዎችን ያስገረመ ነገር ወጣ። ከስምንት ገጽ ያልበለጠ የሜሞሪ ጥያቄ፣ ይህም በብዙው ማሽን 32 ኪሎባይት ነው፣ በተለመደው መንገድ ከተጠየቀ በተግባር «የለም» አይባልም ኖሯል። ሰጪው ከአንድ ቦታ ፈልጎ እስኪያገኝ ድረስ ይደክማል፤ ጠያቂው ይጠብቃል። አልሚዎች ለዓመታት በሺህ የሚቆጠሩ የመመለሻ መስመሮችን የጻፉት፣ ለትንንሽ ጥያቄዎች ከቶ ለማይመጣ መልስ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ «የለም» ከሌለ ለእርሱ መዘጋጀት ለምን? ብዬ ደረጃዎቹን ሁሉ ሰረዝኋቸው። ድራይቨሯ አጠረች፣ ጠራች፣ እንደ ጥሩ ስንኝ በአንድ ትንፋሽ የምትነበብ ሆነች። ደስ አለኝ።

ወሩ የቡና ወር ነበር። በውጭ ገበያ «ለቀምት» እየተባለ በነቀምቴ ስም የሚሸጠው ቡና ከሚበቅልባቸው ቦታዎች አንዱ የጊምቢ ዙሪያ ነው። እናቴ ጀንፈሉን አድርቃ በጆንያ አስቀምጣለች። እኔም በስልክ «ነቀምቴ ያለ አንድ ነጋዴ የተሻለ ዋጋ ይሰጥ ይሆናል፤ ሳልነግርሽ እንዳትሸጪ» ብያታለሁ። ነጋዴው ደግሞ ስንት ጆንያ እንደ ደረሰ ሳያውቅ ዋጋ አልቆርጥም አለኝ። በማግስቱ ልጠይቃት አስቤ አደርሁ።

ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጡ። ነቀምቴ የምሥራቅ ወለጋ ከተማ ናት፤ በእኔ በኩል ስልኩ ድምፅ ነበረው። ጊምቢ ግን በስተ ምዕራብ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምዕራብ ወለጋ ውስጥ ናት። ማታ ማታ እደውላለሁ። «አዎን» የለም፤ «አይሆንም»ም የለም። አንድ ሁለት ጊዜ በመንገደኛ መልእክት ላክሁ፤ መድረሱን የሚነግረኝ አልነበረም። መንገዱም በዚያ ወቅት የሚያስተማምን ስላልነበረ ልሂድ እያልሁ አልሄድሁም። ነጋዴው እኔን ይጠብቃል፣ እኔ እናቴን እጠብቃለሁ፣ እናቴ እኔን ትጠብቃለች።

በእነዚያ ምሽቶች ያን የ2014 ክርክር ደግሜ አነበብሁት። ቀድሞ ያነበብሁት የምወደውን ብቻ እየለቀምሁ ኖሯል። ማሽኑ ለምን ተንጠልጥሎ እንደሚቀር ተጽፎ ነበር። አንዱ ሥራ ቁልፍ በእጁ እንደያዘ ሜሞሪ ይጠይቃል። ሜሞሪ የለም፤ ግን አይነገረውም፣ ይጠብቃል። ከርነሉ ቦታ ለማስለቀቅ ከሌሎቹ አንዱን ለመግደል ይመርጣል፤ ይህን የሚያደርገውን ክፍል «ኦኦኤም ኪለር» ይሉታል፤ ብዙውን ጊዜ የሚመርጠውም ብዙ ቦታ የያዘውን ነው። የተመረጠው ግን ለመሞት እንኳ ያ ቁልፍ ያስፈልገዋል። ቁልፉ ደግሞ በጠባቂው እጅ ነው። ማንም አልተከለከለም፤ ማንም አልተሰጠውም፤ ሁሉም ቆሟል።

«የለም» የማይባልበት ቤት ለጋስ ቤት ይመስለኝ ነበር። መልሱን ያዘገየ እንጂ ያልከለከለ ምን ክፋት አለው እል ነበር። ለካ ያልተነገረ «የለም» አይጠፋም። ወደ ሌላ ሰው ዞሮ ይከፈላል።

በመጋቢት ወር ስልኩ ተመለሰ። እናቴ ደኅንነቷን ነገረችኝ፣ ጎረቤቱን ሁሉ በየስሙ አነሣች፣ ዝናቡን አነሣች። ቡናው እንዳለ ነው አለችኝ፤ አልሸጠችውም። ታናሽ ወንድሜ ታሞ ነበር፤ አሁን ድኗል። ለሕክምናው ገንዘቡን ከየት አገኘሽ ስላት ጥቂት ዝም አለችና «ቡሬን ሸጥኋት» አለች። ቡሬ የምትታለበዋ ላማችን ነበረች፤ በቤቱ ካለው ሁሉ በአንድ ቀን ገበያ ብዙ ብር የምታወጣው እርሷ ናት። «ቡናውን ለምን አልሸጥሽም?» አልኋት። «ሳልነግርሽ አልህ እንጂ፤ ቃልህን ከየት ልስማ፣ ልጄ?» አለችኝ። አልተቆጣችም። በተቆጣችኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወደ ድራይቨሯ ተመለስሁ፤ የሰረዝሁትንም ጻፍሁ። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ2007 ከወጣው 2.6.20 እትም ጀምሮ «ፎልት ኢንጀክሽን» የሚባል መለማመጃ አለው፤ ሜሞሪ ሞልቶ ሳለ ሆን ብሎ «የለም» ይላል፣ ጸሐፊው እምቢታን ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ ያይ ዘንድ። ከፈትሁት። በሦስተኛው «የለም» ድራይቨሯ ሁለተኛውን ሳትመልስ ወጣች። ያ ስሕተት ቀድሞም፣ ከመሰረዜም በፊት ነበረበት። «የለም» ያላለኝ ስላልነበረ አላየሁትም።

ማቅለል መፈለጌ ግን ስሕተት አልነበረም። ስሕተቱ ምን መቅለል እንዳለበት አለማወቄ ነበር። ከባዱ ነገር መከልከሉ ሳይሆን፣ መመለሱ ከመውሰዱ ርቆ ከግርጌ መጻፉ ነበር። ይህንንም አልሚዎቹ ራሳቸው ሲታገሉት ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ቴጁን ሄዮ ለድራይቨሮች ባቀረበው ዘዴ፣ የተወሰደው ሁሉ በመሣሪያው ስም ይመዘገብና መሣሪያው ሲሰናበት ወይም ገና ሲጀምር ሲከሽፍ በራሱ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ከሊኑክስ 6.5 ጋር ፒተር ዚልስትራ ያስገባው ዘዴ መጣ። በእርሱ ጸሐፊው ሜሞሪውን ለመቀበል ስም በሚያወጣበት በዚያው መስመር መላሹን ይጽፋል። ከዚያ ሥራው በየትኛውም በር ይውጣ፣ ተሳክቶም ይሁን ተከልክሎ፣ ኮምፓይለሩ ራሱ የመመለሻውን መስመር ያስገባለታል፤ ኋለኛውን በፊት፣ ፊተኛውን በኋላ። ዕቃው እንዲቀር ከተፈለገ ግን ይህም በግልጽ ይነገራል፤ ጎረቤቷ «ስኒው ለአንቺ ይሁን» ስትላት እናቴ ለላከችው ልጅ እንደምትነግረው። «ብከለከልስ?» የሚለው ጥያቄ ግን አልተሰረዘም፤ አሁንም ከእያንዳንዱ ጥያቄ ቀጥሎ ይቆማል። የቀረው ደረጃው ነው።

ድራይቨሯን በዚህ መንገድ እንደገና ስጽፋት፣ ያን ጊዜ ሁሉን ሰርዤ ካሳጠርኋት ብዙም አልረዘመችም። ልዩነቱ፣ አሁን «የለም» ስትባል የምትሄድበትን ታውቃለች። ከላይዋ ለተማሪዎች ማስታወሻ ብዬ ሁለት ቃል ጻፍሁ፤ «ያመጣ ይመልስ»። የማን ቃል እንደሆነ እስካሁን የጠየቀኝ የለም።

ከእናቴ ጋር ያለን ውልም ተለውጧል። ቡና ሲደርስ «ሳልነግርሽ እንዳትሸጪ» አልላትም። «ቃሌ እስከ ሁለት ሳምንት ካልደረሰሽ፣ የለም እንዳልሁሽ ቁጠሪውና እንደ ወደድሽ አድርጊ» እላታለሁ። መጀመሪያ የነገርኋት ቀን ሳቀች። «ይህንንማ ያን ጊዜ ነበር» አለች።

ለቡሬ ምትክ ልግዛልሽ ብያት ነበር። «አይሆንም፣ ያለው ይበቃኛል» አለችኝ፤ ወዲያው፣ ሳታመነታ። እኔም አልተከራከርሁም። ጊምቢ ስሄድ ግን ከጓሮ ያለው የቡሬ መታሰሪያ ግንድ ዛሬም ቆሟል፤ ገመዱም አልተፈታም።