ጽዱን ዝግባ አትበሉት

ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ቆሞ ጽዱን «ዝግባ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ዝም ማለት አልችልም። ሁለቱም ረጃጅም፣ ሁለቱም ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ናቸው፤ ቀረብ ሲሏቸው ግን ፈጽሞ አይገናኙም። የትልቅ ጽድ ቅጠል ደቃቅ ነው፤ ቅርንጫፉ ላይ ተነባብሮ ይለጠፋል (ችግኝ ሳለ ግን ይዋጋል)። የግንዱ ቅርፊት በቀጭን በቀጭኑ ይላጣል፤ ትንንሽ ፍሬው ሲበስል ወደ ጥቁር ሰማያዊ ያደላል። ፍሬ ያጣችሁበት ጽድ ወንዴ ሊሆን ይችላል። የዝግባ ቅጠል ጠባብና ረዘም ያለ ነው፤ ክብ ፍሬው ውስጥ አንድ ጠንካራ ዘር ብቻ አለ። ያረጀ ዝግባ ቅጠሉ አንገት ያስቀስራል፤ ስለዚህ ሥሩ የወደቀውን ፈልጉ።

ብሳናን መለየት ቀላል ነው፤ ሊረግፍ የደረሰ ቅጠሉ ብርቱካናማ ይሆናል።

እኔን ሁሌም የሚያስደንቀኝ ነጭ ባሕር ዛፍ ነው። ለጋ ሳለ ቅጠሉ ሰፊና አመድማ ነው፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ቅርንጫፉ ላይ በቀጥታ ይጣበቃል። ዛፉ ሲያድግ ደግሞ እንደ ማጭድ የጎበጠ ረጅም ቅጠል ያንጠለጥላል። አንድ ዛፍ ነው ብሎ ማመን ይቸግራል። ሁለቱንም ቅጠሎች ጨፍልቃችሁ አሽትቷቸው።

በእናንተ አካባቢ ሰው የሚያምታታቸው ዛፎች የትኞቹ ናቸው?