ለእኛ ጸጋ፣ ለቀጥቃጩ ቡዳ

ወሎ ውስጥ ሰው ሲመሰገን ምስጋናውን ለራሱ አያስቀርም። ክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ ሙስሊሙ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ወደ ላይ ይመልሰዋል። የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣም ከፍተኛ ነጥብ ያመጣ ልጅ ማይክ ሲቀርብለት ከወላጆቹና ከመምህራኑ በፊት ፈጣሪውን ያመሰግናል። ደግ ልማድ ነው፤ ማንም እንዲተወው አልፈልግም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ችሎታ ከእግዚአብሔር ነው የምንለው ስለ ማን ችሎታ ነው?

ሐሳቡ ጥንታዊ ነው፤ ሥሩም ኦሪት ላይ ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 8 ሙሴ ሕዝቡን የሚያስጠነቅቀው ስለ ረሃብ አይደለም፤ ስለ ጥጋብ ነው። መልካም ቤት ሠርታችሁ፣ ከብታችሁ በዝቶ ስትቀመጡ፣ ይህን ሁሉ ያመጣው የገዛ ክንዳችን ነው እንዳትሉ ይላቸዋል። ሀብቱ ብቻ ሳይሆን ሀብቱን ያፈራው ጉልበት ራሱ የተሰጠ ነውና።

የአይሁድ መምህራን ይህን ነገር ትውልድ በትውልድ ሲያብላሉት ኖረዋል። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ረባን ዮሐናን ቤን ዛካይ፣ ብዙ የተማረ ሰው በትምህርቱ መመጻደቅ የለበትም ይል ነበር፤ የተፈጠረው ለዚያው ነዋ! በ12ኛው ክፍለ ዘመን ሙሴ ማይሞኒደስ በአብዛኛው ጠባይ መካከለኛውን መንገድ ያዙ ብሎ ካስተማረ በኋላ፣ ትዕቢት ላይ ሲደርስ ግን መካከለኛው አይበቃም፣ እስከ ታች ውረዱ አለ። የፖላንዱ ረቢ ሲምሐ ቡኒም ደግሞ ሰው ሁለት ኪስ ይኑረው ማለታቸው ይነገራል። በአንዱ ኪስ ዓለም የተፈጠረው ለእኔ ነው የሚል ወረቀት፣ በሌላው እኔ ትቢያና አመድ ነኝ የሚል። እንደ ሁኔታው አንዱን እያወጡ ማንበብ ነው።

ልብ በሉ፤ ትሕትና ማለት «እኔ ምንም አልችልም» ማለት አይደለም። እየቻሉ አልችልም ማለት ስጦታውን መካድ ነው። ትሕትና እችላለሁ ካሉ በኋላ የሚመጣ ነው፦ እችላለሁ፣ ግን ከየት አመጣሁት?

ይህ ለእኔ የባዕድ ትምህርት አይደለም። የመካነ ሰላም ልጅ ነኝ። በአካባቢያችን፣ አማራ ሳይንት ያለችው ተድባበ ማርያም ከክርስትና በፊት የኦሪት መሥዋዕት ይሠዋባት እንደነበር በትውፊት ይነገርላታል። ኦሪት እኛ ደጋ ላይ የቤት ልጅ ነው።

የቤት ልጅ ከሆነ ታዲያ ገበያችን ላይ ያለውን ነገር ምን እንበለው? በልጅነቴ ሴቶቹ ሸክላ ተራ ጎንበስ ብለው ጀበናውን በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ፣ ድምፁን እየሰሙ ሲመርጡ አይ ነበር። ጥሩ ሆኖ ሲያገኙት የሸክላ ሠሪዋን እጅ ያደንቃሉ። ያቺው ሸክላ ሠሪ ዓይኗን ወደታዘለው ሕፃን ስትመልስ ግን ነጠላው ሳብ ይደረግና የልጁ ፊት ይሸፈናል። ገበሬውም እንዲሁ ነው። ማረሻውን ቀጥቃጩ ካልቀጠቀጠለት ጤፉን አይዘራም፤ ልጁን ግን ለቀጥቃጭ ልጅ አይድርም።

አሁን ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31ን ክፈቱ። እግዚአብሔር መንፈሱን ሞላበት የተባለው ሰው ንጉሥ አይደለም፣ ካህንም አይደለም። ባስልኤል ነው፤ በወርቅ፣ በብርና በናስ የሚሠራ፣ ድንጋይ የሚቀርጽ፣ እንጨት የሚጠርብ ባለ እጅ። አጋሩ ኤልያብም ቅርጽ ሠሪና ጥልፍ ጠላፊ ነው፤ ነገዱ ዳን ነው።

ይህን የዳንን ስም ያዙልኝ። በጎንደር ዙሪያ የነበሩት ቤተ እስራኤሎች ርስት ተነፍገው በቀጥቃጭነት፣ በሸክላና በሽመና ይተዳደሩ ነበር። ጎረቤቶቻቸው ማረሻውንም ምጣዱንም እየገዙ ቡዳ ይሏቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 የእስራኤል የሴፋርዲ ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫዲያ ዮሴፍ ስለ አይሁድነታቸው ውሳኔ ሲሰጡ፣ ከዳን ነገድ ናቸው አሉ። እንግዲህ ኦሪትን የሚያነብ ሕዝብ፣ ኦሪት የእግዚአብሔር ጥበብ አለበት ያለውን ሙያ፣ ያውም የኤልያብ ነገድ በተባሉት ሰዎች እጅ ሲያየው፣ ሌሊት ጅብ የሚሆን ሰው ሙያ ነው ሲል ኖረ።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ 100 ዓመት አልፎታል፤ ስድቡ ግን ጡረታ አልወጣም።

ነገሩ የትናንት ብቻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። የእነሱ ቤተሰቦች ፈጣሪ ረዳን ብለው አመሰገኑ፤ ደግ አደረጉ። ለቀሩት 96.8 በመቶዎቹስ ፈጣሪ ምንም አልሰጣቸውም ማለት ነው? ከነሱ መካከል ብረት የሚበይድ፣ እንጨት የሚያስውብ፣ የሞተርን ብልሽት በድምፁ የሚያውቅ አለ። መካነ ሰላም ዛሬ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አላት። ዩኒቨርሲቲ ለገባ ልጅ ይደገሳል፤ ቴክኒክና ሙያ ለገባው ግን «ምን ይደረግ፣ አልሆነለትም» እየተባለ እንደ ለቅሶ ቤት ወላጆቹ ይጽናናሉ።

ስለ ራስ ችሎታ ፈጣሪን ማመስገን ቀላል ነው፤ በምስጋናው ውስጥ ተመርጫለሁ የሚል የራስ ክብር አለበትና። ከባዱ በናቁት ሰው እጅ ላይ ያንኑ ሰጪ ማየት ነው። ትሕትናችን የሚለካው እዚያ ላይ ነው። የልጃችንን ዲግሪ ጸጋ ካልን የቀጥቃጩንም መዶሻ ጸጋ እንበለው። አለዚያ ምስጋናችን ነጠላ የለበሰ ኩራት ሆኖ ይቀራል።