ሰዓቱን ሳይሆን ሊጡን እይ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ከደብረ ብርሃን ወደ ድሬዳዋ ለሥራ ልትሄድ ጓዝህን ስትሸክፍ ልነግርህ ያሰብኩት ብዙ ነበር፤ ግርግሩ ግን አላስወራንም። ስለ ገንዘብ አያያዝና ስለ ጓደኛ አባትህ የሚበቃህን መክሮሃል። የእኔ ምክር ስለ ዳቦ ነው። በገዛ እጁ ዳቦ መጋገር የሚችል ሰው የትም ቢሄድ ጦሙን አያድርም፤ ባዶ እጁንም የሰው ደጅ አያንኳኳም። ይህ የሴት ሥራ ነው የሚልህ ቢኖር አትስማው፤ ሆድ ወንድና ሴት አይለይም።

ዳቦ የሚፈልገው አራት ነገር ነው፦ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና እርሾ። ለአንድ ጊዜ ግማሽ ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ 320 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ፣ 10 ግራም ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ ይበቃሃል። ጥቁር አዝሙድ ጣል ብታደርግበት የቤትህን ሽታ ታገኛለህ።

ስታቦካው መጀመሪያ እጅህ ላይ ይጣበቃል። ያኔ ብዙ ሰው ደንግጦ ዱቄት ይጨምርበትና ዳቦው ድንጋይ ይሆናል። አንተ አትጨምር፤ በመዳፍህ እየገፋህ፣ እያጠፍክ፣ አሥር ደቂቃ ያህል እሸው። ቀስ በቀስ ይለሰልሳል፣ እጅህንም ይለቅቃል። ከዚያ ትንሽ ቆንጥረህ በጣቶችህ መካከል ወጥረው። ሳይበጠስ ሳስቶ ብርሃን ካሳለፈ በደንብ ታሽቷል ማለት ነው። በስንዴው ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባለው ነገር በመታሸት ብዛት እንደ መረብ ይያያዛል፤ እርሾው የሚፈጥረውን አየር ይዞ የሚያቆየው እሱ ነው።

አሁን ዋናውን ነገር ስማኝ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት አገር። እርሾ በብርድ ይተኛል፣ በሙቀት ይሮጣል። እኔ ውሃውን ለብ አድርጌ፣ ሊጡን ጋቢ ደርቤበት የምጠብቀው ብርዱን ስለማውቅ ነው። አንተ እንደዚያ ብታደርግ ሊጡ ቶሎ ኩፍ ብሎ ያልፍበታል፤ ይኮመጥጣል፣ ምድጃ ሲገባም ይሟሽሻል። ስለዚህ ቀዝቃዛ ውሃ ተጠቀም፣ እርሾውንም በግማሽ ቀንሰው። ፍሪጅ ካለህ ማታ አቡክተህ ክደነውና እዚያ ይደር፤ ቀስ ብሎ የቦካ ሊጥ ጣዕሙ ይበልጣል።

ስንት ሰዓት ይቆይ ብለህ አትጠይቀኝ። በእጥፍ ሲያድግ ድቡልቡል አድርገህ ትሪው ላይ አስቀምጠው፤ እንደገና ኩፍ ሲል በጣትህ ጫን በለው። ወዲያው ተስፈንጥሮ ከተመለሰ ገና ነው፤ ጎድጉዶ ከቀረ አልፎበታል፤ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ጊዜው አሁን ነው። በ220 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት ያህል ጋግረው፤ ገልብጠህ ታችኛውን ስትመታው የባዶ ነገር ድምፅ ከሰጠ በስሏል። ሳይቀዘቅዝ አትቁረሰው፤ ውስጡ ገና እየበሰለ ነው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ኦቨን ከሌለህም አትቸገር፤ ሊጡን እንደ አምባሻ ጠፍጠፍ አድርገህ ወፍራም መጥበሻ ላይ፣ ከድነህ፣ በዝግታ እሳት እያገላበጥክ ጋግር።

ፒዛም የሚሠራው ከዚሁ ሊጥ ነው። ጣሊያን አገር የናፖሊ ፒዛ ጋጋሪዎች ሊጣቸው እነዚህኑ አራት ነገሮች ነው የሚይዘው፤ ሙያቸውንም ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2017 በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። የእነሱ የእንጨት ምድጃ እስከ 485 ዲግሪ ስለሚግል ፒዛው በ90 ሰከንድ ውስጥ ይወጣል። የቤት ኦቨን ያን አይችልም፤ አንተ እስከ መጨረሻው አግለው፣ ትሪውንም ባዶውን አብረህ አሙቀው። ሊጡን በእጅህ ከመሃል ወደ ዳር እየገፋህ ዘርጋው፤ ጠርዙን ግን አትጫነው፣ አየሩ ይቀመጥ። ቲማቲሙን ውሃው እስኪመጥ አብስለህ ስስ አድርገህ ቀባው፤ ውሃ የበዛበት ፒዛ መሃሉ ጥሬ ይቀራል። እላዩ ላይ ብዙ አትከምር። ረቡዕና ዓርብም አይቅርብህ፤ ማሪናራ የሚሉት የናፖሊ ፒዛ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው፣ ቺዝ የለበትም። ኦሬጋኖ ካጣህ በሶብላ በጥስበት።

ልጄ፣ ልኬቱን የጻፍኩልህ መነሻ እንዲሆንህ እንጂ እንዲያስርህ አይደለም። የእኔ ልክ የደብረ ብርሃን ልክ ነው፤ የድሬዳዋውን አንተ ራስህ ሊጡን እያየህ ታገኘዋለህ። በሥራህም እንዲሁ አድርግ፤ ከቤት የወሰድከውን ሳትጥል፣ የአገሩን ጠባይ አስተውል።

መጀመሪያ የሚሳካልህን ዳቦ ብቻህን አትብላው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል። ግማሹን በጨርቅ ጠቅልለህ ለጎረቤትህ ውሰድ፣ ስምህንም ንገራቸው። ብትታመም በርህን የሚያንኳኩት እነሱ ናቸው።

እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ፤ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ።

እናትህ