አታንሣ

በዓል በመጣ ቁጥር በየቴሌግራሙ የሚዞር አንድ ዓይነት ጽሑፍ አለ። ከላይ የአባባ ተስፋዬ ፎቶ ይለጠፋል። ከሥር ብይ፣ ሱዚ፣ ቆርኪ፣ የድሮ የአማርኛ መማሪያ መጽሐፍ ሽፋን ይደረደራል። ከዚያ «ከእነዚህ ስንቱን ታውቃለህ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ከአሥሩ ስምንቱን ያላወቀ ሰው ልጅነት እንዳልነበረው ይቆጠራል። ባለፈው የገና ሰሞን ጽሑፉ አንድ የላሊበላ ተወላጅ ዘንድ ደረሰ። ዛሬ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ የሚኖር፣ ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋው ጎልማሳ ነው። የተላከው በመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ ቡድን ውስጥ ነበርና ከሰው ማነስ አልፈለገም፤ አሥሩንም አውቃለሁ ብሎ መለሰ። ስለ አባባ ተስፋዬ ተረቶች ሲወራም «ወይ ጊዜ!» ብሎ ጻፈ።

ዋሸ። አባባ ተስፋዬን በልጅነቱ ያያቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ያየው በአንድ ሆቴል መስኮት፣ በመስታወት ማዶ፣ ድምፅ ሳይሰማ ነው። አንድ ሽማግሌ አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ፊት ለፊታቸው የተቀመጡ ንጹሕ ልጆች ይስቃሉ። ምን እንዳሳቃቸው ግን አይታወቅም። ሦስተኛ ጊዜ ሊያይ ሲሄድ ዘበኛው በአርጩሜ አባረረው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ተስፋዬ ሳህሉ የልጆችን ፕሮግራም ከ40 ዓመት በላይ ይዘው ቆይተው በሐምሌ 2009 ዓ.ም. አረፉ። ያን ሰሞን አገር አለቀሰ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሰውየው ይገባቸዋልም። ጥያቄው ያለው «አገር» የሚለው ቃል ላይ ነው። መብራት ያልገባበት ቀበሌ፣ ቴሌቪዥን የሚባል ዕቃ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ልጅ፣ በዚያ ልቅሶ ላይ እንደ ሩቅ ዘመድ ይቆጠራል? የኢትዮጵያ ልጅነት ትዝታ ተብሎ የሚዞረው ነገር በአብዛኛው የአዲስ አበባና የጥቂት ትልልቅ ከተሞች ትዝታ ነው። ሌላው በትውስት ይናፍቃል። ያልበላውን ከረሜላ ጣዕም ያወራል።

መቼም የላስታ ልጅ ያለ መጫወቻ አላደገም። የላሊበላ ከተማ ራሷ መጫወቻ ነበረች። ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚያሻግር፣ ድቅድቅ ጨለማ የዋጠው ዋሻ አለ፤ «ሲኦል» ይሉታል። ምእመኑ በጸሎት፣ ቱሪስቱ ግድግዳውን እየዳበሰ ያልፈዋል። ልጆቹ ቄሶቹ ዘወር ሲሉላቸው ይወዳደሩበት ነበር፤ መሀል ላይ ድምፅ ያሰማ ተሸናፊ ነው። ዮርዳኖስ የሚባለው ቦይ በበጋ ሲደርቅ የኳስ ሜዳ ይሆናል። የኳሱ ነገር ሌላ ጉድ ነው። የተቀደደ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ተጠቅጥቆ፣ በገመድ ተጠፍሮ የሚሠራ ነው። ካልሲ ግን በቀላሉ አይገኝም። ካልሲ ያለው ልጅ አምበል ነው፤ መጫወት ባይችልም ማንም አይቀይረውም።

ለነዚያ ልጆች መጫወቻ የሚገዛ ሳይሆን ከመሬት የሚነሣ ነገር ነበር። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ለዓመታት የእርዳታ ዘይት ወደ ብዙ ቤት ይገባ ነበር። ዘይቱ ሲያልቅ ቆርቆሮው የእናት ነው፤ እህል ይሰፈርበታል፣ ውሃ ይቀዳበታል። ሲበሳ የልጅ ይሆናል። በድንጋይ ተቀጥቅጦ ይዘረጋል፣ እየታጠፈ የመኪና ቅርጽ ይይዛል፣ ጎማው ከተበጠሰ ኮንጎ ጫማ ተቆርጦ በሽቦ ይታሰራል። «ዩኤስኤ» የሚለው ጽሑፍ ተገልብጦ በመኪናው ጎን ላይ ይቀራል። የሠፈሩ ልጆች ጽሑፉ የመኪናው ስም ይመስላቸው ነበር። «የኔ ዩኤስኤ ካንተ ዩኤስኤ ይፈጥናል» እየተባባሉ ይከራከሩ ነበር።

ትልቁ ገበያ የገና ማግስት ነው። ታኅሣሥ 29 ከየአቅጣጫው የሚመጣው ምእመን ኮረብታውን ነጭ ያለብሰዋል። ከዋግ፣ ከራያ፣ ከጎንደር፣ ከሸዋ፣ ብዙው በእግሩ ቀናት ተጉዞ ይመጣል። ሲመለስ መሬቱ ላይ የሚጥለው አያልቅም። የለስላሳ ቆርኪ፣ የተበጠሰ የጨሌ ፍሬ፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ፣ ባዶ የክብሪት ቀፎ፣ አንዳንዴም ሳንቲም። ታኅሣሥ 30 ማለዳ፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ ልጆቹ ጎንበስ ብለው ሜዳውን ያስሱታል። ቆርኪው ለጨዋታ ነው። የባትሪው ከሰል ድንጋይ ላይ ይጽፋል። የክብሪቱ ቀፎ ደግሞ ከተደረደረ ባቡር ነው፤ ባቡር አይቶ የሚያውቅ ባይኖርም።

ይህ ሁሉ የወንድ ልጅ ወሬ ነው። አንድ ቀን ታላቅ እህቱን «እታለም፣ አንቺ አሻንጉሊት ነበረሽ?» ቢላት፣ ትንሽ አሰብ አድርጋ «አንተ ነበርክ አሻንጉሊቴ» አለችው። በስምንት ዓመቷ እሱን አዝላ ነው ያደገችው። ለራሷ የቀራት ነሐሴ 16 ነው። ያን ዕለት አሸንድዬ ወገቧ ላይ አስራ ከእኩዮቿ ጋር ስትዘፍን ጀርባዋ ላይ ማንም አይኖርም። ስለ መጫወቻ በሚዞሩት ጽሑፎች ውስጥ ይህቺን ልጅ የሚጠይቃት የለም።

የተገዛ መጫወቻም ነበር ለማለት፣ ላሊበላን በቱሪስት ዘመኗ ያየ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ልጆቹ ፈረንጁን ተከትለው አገሩን ይጠይቁታል፣ የዋና ከተማውን ስም ይነግሩታል፤ ፈረንጁ ይገረማል። ከዚያ ወይ ኳስ ወይ መዝገበ ቃላት ይለመናል። ገንዘብ ከመስጠት ዕቃ መግዛት ይሻላል ብሎ የተመከረው እንግዳ ሱቅ ይገባና ይገዛል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይሄዳል። ኳሱ ወደ ሱቁ ይመለሳል። ባለሱቁ ከዋጋው ቀነስ አድርጎ ለልጁ ብር ይሰጠዋል። ያው ኳስ በሳምንቱ ለሌላ ፈረንጅ ይሸጣል። የኛ ሰው በልጅነቱ አንድ ቢጫ ኳስ ሦስት ጊዜ ተገዝቶለታል። አንድ ጊዜም መሬት አልነካም። ሰዎች ይህን ማጭበርበር ይሉታል። እውነት ነው፣ ማጭበርበር ነው። ግን ኳሱ ሽሮና ጨው ሆኖ እቤት ይገባ እንደነበር የሚያውቅ ሰው ፍርዱን ትንሽ ዘግየት ያደርጋል። አዲስ ኳስ በእጁ ይዞ ሳይመታው የሚመልስ ልጅ ምን እንደሚሰማውም የሚያውቀው የያዘው ብቻ ነው።

መዝገበ ቃላቱ ላይ ግን አመነታ። የአምሳሉ አክሊሉ የእንግሊዝኛና አማርኛ መዝገበ ቃላት ነበር። እስከዚያ ድረስ በእጁ ገብቶ የሚያውቀው የቄስ ትምህርት ቤቱ የፊደል ገበታና ሽፋኑ የጠፋ የመንግሥት መማሪያ መጽሐፍ ነው። ሦስት ቀን ደበቀው፤ ቀን ከከብት ጋር፣ ማታ በኩራዝ አነበበው። በአራተኛው ቀን እናቱ ደረሰችበት፤ ቤት ውስጥ ጨው አልነበረም። መጽሐፉ ሲመለስ ከ«ኤ» ተነሥቶ «ሲ» ላይ ደርሶ ነበር። ስለዚህ «አልማናክ» የሚለውን ቃል ያውቃል፤ «ስፑን» ምን እንደሆነ ግን ገና አልደረሰበትም። ዛሬም ሌላ መዝገበ ቃላት ሲገልጥ ከ«ዲ» እንደሚጀምር ለሚስቱ ነግሯታል። ሚስቱ አዲስ አበባ ነው ያደገችው፤ ቀልድ መስሏት ሳቀች።

የሚስቱ ታናሽ ወንድም ትዝታ ደግሞ ሌላ ነው። እሱ ያደገው «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን እያየ ነው። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ የጀመሩት፣ በ1999 ዓ.ም. ገደማ በቴሌቪዥን የመጣው የቀጭኔዋ ፕሮግራም ነው። የመጀመሪያዎቹ አሻንጉሊቶች ከካልሲ የተሠሩ እንደነበሩ ሲሰማ የላሊበላው ልጅ ደስ አለው። በእነሱ ሠፈር ኳስ ውስጥ የገባው ካልሲ አዲስ አበባ ላይ ተናግሮ ፊደል አስተማረ ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ወሬው ደስ ይላል። የትዝታ ጽሑፎቹም ብዙ ጊዜ እዚህ ይቆሙና አንድ ነገር ጣል ያደርጋሉ፤ የድሮ ልጅ በእጁ ይሠራ ነበር፣ የዘንድሮ ልጅ ግን ስልክ ላይ ተጥዶ ይውላል። ይህን የሚጽፍ ሰው የላስታን ልጅ አላሰበውም። ከተማዋ ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች ከተያዘች በኋላ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር መብራትም ስልክም ተቋርጦ ነበር። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ሌላ ግጭት ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ጠፋ፤ የትምህርት ቤት በርም ተዘጋ። በ2017 ዓ.ም. በአማራ ክልል ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ውጭ መሆናቸው ሲነገር ነበር። የትኛው ስልክ ላይ ነው የሚጣዱት?

እህቱ ከላሊበላ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው የምትኖረው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ አላት። ልጁ እንደ አጎቱ እጀ ብልህ ነው፤ ከቆርቆሮም፣ ከእንጨትም፣ ከጭቃም ይሠራል። በ2014 ዓ.ም. መንገዱ ሲከፈት አጎትዬው ለጥየቃ ሄዶ ነበር። ያኔ ልጁ ገና አምስት ዓመት አልሞላውም። ቤት ሲገባ የሰማው የመጀመሪያ ነገር የእህቱ ድምፅ ነው። «አታንሣ!» ልጁ ደጃፍ ላይ ጎንበስ ብሎ አንድ የዛገ ነገር ሊነካ ነበር። የማጭድ ስባሪ ሆኖ ተገኘ። በዋለበት ሁለት ቀን ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማው አልቆጠረውም። ልጁ ከብት ይዞ ሲወጣ «አታንሣ»። ከወንዝ ሲመለስ «ምን አነሣህ? እጅህን አሳየኝ»። ጎረቤቶቿም ልጆቻቸውን እንደዚያው ይላሉ።

ምክንያት አላቸው። ጦርነት ባለፈበት ማሳ ላይ ያልፈነዳ ነገር ይቀራል። በአማራ፣ በአፋርና በትግራይ ልጆች መጫወቻ መስሏቸው ያነሡት ብረት ፈንድቶ እንደገደላቸውና አካላቸውን እንዳጎደላቸው ተደጋግሞ ተዘግቧል። የሚያብረቀርቅ፣ ክብ የሆነ፣ ለመኪና ጎማ የሚመች ነገር ሲያገኝ ደስ ብሎት የሚያነሣው ደግሞ እጀ ብልሁ ልጅ ነው። ሰነፉ አያየውም እንኳ።

አጎትዬው ስለ ልጅነቱ የሚያወራው ሁሉ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነበር፤ መሬት ላይ የወደቀውን ማንሣት ይቻል ነበር። ይህን ለማወቅ አርባ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ድህነቱን ሲናፍቅ የኖረ ይመስለው ነበር፣ ያፍርበትም ነበር። የቆርቆሮ መኪናው፣ ከገና ማግስት የሚለቀመው ቆርኪ፣ የካልሲ ኳሱ፣ ሁሉም ጎንበስ ብሎ ያለ ስጋት ከማንሣት የመጣ ነው። እናቱ በሕይወት ዘመኗ ያልከለከለችው ነገር ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ጨው ስለሌለ መጽሐፍ ነጥቃዋለች፤ ከመሬት ያነሣውን ግን አልነጠቀችውም።

በዚህ ገና፣ ያንን «ወይ ጊዜ!» ከጻፈ በኋላ፣ መርካቶ ወርዶ አንድ ትልቅ የፕላስቲክ መኪና ገዛ። ቀይ፣ በባትሪ የሚሄድ፣ መብራት ያለው። ወደ ላሊበላ በአውሮፕላን ለሚሄድ ሰው ሰጥቶ ላከው። ከሁለት ሳምንት በኋላ እህቱ ኔትወርክ የሚይዝበት ጉብታ ላይ ወጥታ ደወለች።

«ደረሰ ወይ?»

«ደረሰ፣ እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ግን ባታየው ይሻላል፤ በማግስቱ ፈታታው።»

ልጁ ስልኩን ተቀበላት። አራቱን ጎማዎች አውጥቶ ራሱ ከሽቦ በሠራው መኪና ላይ እንደገጠማቸው፣ ቀዩ መኪና ቁልቁለት ላይ እንደሚገለበጥ፣ የእሱ ግን እንደማይገለበጥ በጥድፊያ ነገረው። አጎቱ እየሳቀ ሰማው። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

«ሽቦውን ከየት አመጣኸው?»

ከወዲያ በኩል ጸጥ አለ። ኔትወርኩ ይሁን ልጁ አልታወቀም። ከዚያ የእህቱ ድምፅ መጣ፣ ራቅ ብሎ፣ እየተቆራረጠ፦

«ከአጥሩ ነው። እኔ ነኝ ፈትቼ የሰጠሁት።»