ስሟም በመዝገብ ይስፈር

የዓባይን በረሃ ወርደው፣ ሽቅብ ወጥተው ደጀን ሲደርሱ፣ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞ የሚቀበልዎት የጤፍና የስንዴ ማሳ ነው። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደብረ ማርቆስ፣ የቀድሞዋ መንቆረር፣ የጮቄ ተራራ ብርድ ይነፍስባታል።

የጎዛምን የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን መቀመጫው በዚህችው ከተማ ነው። የገበሬ ማኅበራትን ምርት አሰባስቦ ለገበያ ያቀርባል፤ ማዳበሪያም ያከፋፍላል። በኅብረት ሥራ ሕግ ብዙ ዕጣ የገዛውም አንድ ዕጣ የገዛውም ድምፁ አንድ ነው። ትርፉም ለአባላት ይከፋፈላል።

ይሁን እንጂ ጤፉን ስታርም የከረመችው፣ በሰፌድ ያበጠረችው ሚስት ስሟ በአባላት መዝገብ ካልሰፈረ፣ ድምፅም የትርፍ ድርሻም የላትም። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ለባለትዳሮች በሚሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን ይጻፋል። የመሬቱ ደብተር ያወቃትን እናት የማኅበሩ መዝገብ ስለምን ይርሳት?

የከተማ እናቶችና ሠራተኞች፣ ዕቁብና ዕድር ለእናንተ አዲስ አይደለም። እንጀራ፣ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅታችሁ ለመሸጥ በማኅበር ስትደራጁም፣ ከሁሉ አስቀድማችሁ መዝገቡን ግለጡ፤ ስማችሁን ፈልጉ።