ከባሕር ማዶ በፊት አጥር ማዶ

የጎረቤቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ እየፈለገች ነው። አንድ እሑድ ስልኳን ይዛ መጣችና ውጭ አገር ሄዶ በበጎ ፈቃድ ለማገልገል የሚሞላ ቅጽ አሳየችኝ። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ከዚህ በፊት የሰጡት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ይላል፤ ምን ብዬ ልሙላው?» አለችኝ።

በዚያው ግቢ፣ ከእነሱ ቤት ሁለት በር አልፎ፣ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ እማማ አሉ። ዓይናቸው ደክሟል። የጠዋቱን ኪኒን ከማታው የሚለዩት በጣታቸው ዳብሰው ነው። ልጅቷ ክፋት የለባትም። እርዳታ ሲባል ፓስፖርትና ሻንጣ የሚጠይቅ ነገር ይመስላታል፤ እንዲህ እንድታስብ ያደረግናት ደግሞ እኛ ታላላቆቿ ነን።

*

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስድስት ኪሎ እየሄድኩ ለአንድ ዓይነ ስውር ተማሪ መጽሐፍ አነብለት ነበር። ማንበብ ምን ሥራ አለው ብዬ ነው የጀመርኩት። በመጀመሪያው ቀን «እዚህ ጋ ሠንጠረዥ አለ» ብዬ ላልፍ ስል አስቆመኝ። «ጥያቄ የሚወጣው ከእሱ ነው። መጀመሪያ ስንት ዓምድ እንዳለው ንገረኝ፤ ከዚያ ርዕሶቹን፤ ከዚያ ቁጥሮቹን ከላይ ወደ ታች» አለኝ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ድምፄን ይቀዳል። ገጽ በገለጥኩ ቁጥር የገጹን ቁጥር እጠራለሁ፤ በኋላ የሚፈልገውን የሚያገኘው በእሱ ነው።

አንድ ሳምንት ሌላ ጉዳይ ይዞኝ ቀረሁ። የዚያ ሳምንት ምዕራፍ ለፈተናው ሳይነበብ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የበጎ ፈቃድ ሥራ ትልቁ ክፍል ቀጠሮ ማክበር ነው እላለሁ። ቀጠሮ የሚያከብር ደግሞ ታክሲ ተሳፍሮ የሚደርስ ሰው ነው።

*

ደም መለገስም እንዲሁ ቀጠሮ ይፈልጋል። ጤነኛ የሆነ፣ ዕድሜው ከ18 እስከ 65፣ ክብደቱም ከ45 ኪሎ ያላነሰ ሰው በየሦስት ወሩ ደም መለገስ ይችላል። በዓመት 4 ጊዜ ማለት ነው። ከደም የሚለየው ፕላትሌት አብዛኛውን ጊዜ የሚቆየው 5 ቀን ያህል ነው፤ ቀይ የደም ሴል እንኳ በማቀዝቀዣ ከ35 እስከ 42 ቀን ቢቆይ ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን ዘመቻ ብዙ ሺህ ሰው ቢሰለፍ የከርሞው አይሸፈንም። ደም ባንክ የሚኖረው በሚመላለስ ሰው ነው። ክረምት ገብቶ ተማሪው ሲበተን፣ ጾም ሲገባም ለጋሹ ይቀንሳል። ስትወልድ ደም የሚፈሳት እናት ግን ክረምቱ እስኪወጣ፣ ጾሙ እስኪፈታ አትጠብቅም።

*

ወይዘሮ አበበች ጎበና ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወሎ ወርደው በድርቅ የተጎዳ ሕዝብ አዩ። ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ የልጆቹ ቁጥር 21 ደረሰ። ቤተሰብ ተቃወማቸው፤ እሳቸው ግን ከልጆቹ ይልቅ የሞቀ ቤታቸውን ተዉ። እንጀራ እየጋገሩ እየሸጡ አሳደጓቸው። በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ ብዙ ሰው እናቴ ብሎ አለቀሰላቸው። ልባቸው የተነካው ሩቅ ቦታ ነው፤ ሥራውን የሠሩት ግን እዚሁ ሆነው ነው።

*

የአሜሪካ የሰላም ጓዶች በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በአገራችን ማስተማር ሲጀምሩ የመጀመሪያው ቡድን ከ270 በላይ ሰዎች ነበሩት። ከሩቅ የመጡ ናቸው፤ ነገር ግን አማርኛ ተምረው፣ በየአውራጃው ከተማ ቤት ተከራይተው፣ ሁለት ዓመት ኖረው አስተማሩ። ተማሪዎቻቸው ዛሬም በስም የሚያነሷቸው ጎረቤት ስለሆኑ ይመስለኛል። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ፎቶ ተነስቶ የሚመለስ እንግዳ ይህን አያገኝም።

*

በውጭ ያለው ወገናችንም አገር ቤት መጥቶ ለማገልገል ዓመቱን ሙሉ ይቆጥባል፤ እግዜር ይስጠው። ሆኖም አሜሪካ ውስጥ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ፣ ልጆቻቸው ለሥራ ሲወጡ ቋንቋውን ሳያውቁ አፓርታማ ውስጥ ብቻቸውን የሚውሉ እናቶች አሉ። ሐኪም ቤት አብሯቸው ገብቶ የሚያስተረጉም ሰው ይፈልጋሉ።

በ2012 ዓ.ም. ሊባኖስ በኢኮኖሚ ቀውስና በወረርሽኝ ስትመታ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችን አምጥተው ቤይሩት በሚገኘው ቆንስላችን ደጃፍ ጣሏቸው። ምግብና ማደሪያ ይዘው ከደረሱላቸው መካከል «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለው ማኅበር ይገኝበታል። ማኅበሩን ቀደም ብለው፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2017፣ የመሠረቱት እዚያው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ናቸው። ራሳቸው ስደተኛ ሆነው ለስደተኛ ደረሱ፤ ቅርብ የነበሩት እነሱ ናቸውና።

*

የአረጋውያን መርጃ ቤቶች በበዓል ቀን ጎብኚ አያጡም። ሥጋው ይመጣል፣ ዳቦው ይቆረሳል። ጥፍር የሚያድገው ግን በዓል ባልሆነ ቀንም ነው። ማክሰኞ ከሰዓት ጥፍር የሚቆርጥ፣ ፀጉር የሚያበጥር፣ አንድ ወሬ ሦስት ጊዜ ቢነገረው የማይሰለች ሰው ያስፈልጋል። አንባቢ ሆይ፣ በሰፈርህ እንዲህ ያለ ቤት ካለ ማክሰኞን ያዝላቸው።

*

የጎረቤቴ ልጅ ያን እሑድ ከእኔ ዘንድ ወጥታ እማማ ቤት ገባች። የመድኃኒቶቹን ከረጢቶች አንድ በአንድ አነበበችላቸው። የጠዋቱን ከረጢት አንድ ቋጠሮ ባለው ክር፣ የማታውን ሁለት ቋጠሮ ባለው ክር አሰረችላቸው። እማማ ቋጠሮውን በጣታቸው እየቆጠሩ ይወስዳሉ። ሥራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም።