ስለ ዛገ ሻንሲ

ብረት ከእንጨት ይልቅ የጸና ነው እንላለን፤ ነገር ግን ውሃና አየር በአንድነት ሲያገኙት ቀስ በቀስ ወደ አፈር እንደሚመለስ የምናስታውስ ጥቂቶች ነን። በልጅነቴ በተማርኩበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ መምህራችን ምስማር በአራት ጠርሙስ አድርጎ ያሳየን ነበር። አንደኛው ደረቅ ሆኖ የተከደነ፥ ሁለተኛው ተፈልቶ በላዩ ዘይት የፈሰሰበት ውሃ፥ ሦስተኛው ተራ ውሃ፥ አራተኛው የጨው ውሃ ነበር። የፊተኞቹ ሁለቱ ምስማሮች እንደ ነበሩ ቆዩ፤ ሦስተኛው ዛገ፤ አራተኛው ግን ከሁሉ ፈጥኖ ዛገ። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ዛሬ የምጽፍልህ ስለ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ መኪና ነው፤ ነገሩ ለምክር መጽሐፍ የማይገባ መስሎ ቢታይህ ጥቂት ታገሠኝ።

መኪናይቱ የሟቹ ወንድሜ ነበረች። እርሱ ሳይገዛት በፊት በአፋር በአፍዴራ ሐይቅ አጠገብ በጨው ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይታለች። ወንድሜ ካረፈ በኋላ ሚስቱ ሾፌር ቀጥራ ከመቂ ወደ አዳማ ሽንኩርትና ቲማቲም እያስጫነች ሦስት ልጆች ታሳድግባት ነበር። በ2014 ዓ.ም. ባሌስትራዋን ለማስቀየር ጋራዥ ባስገባናት ጊዜ መካኒኩ ከሥር ገብቶ ሻንሲውን በመዶሻ መታ መታ አደረገና ዝም አለ። ቀጥሎም፥ «ጋሼ፥ እስቲ ጎንበስ ብለው ይስሙት» አለኝ።

ደኅና ብረት ሲመቱት ይጮኻል። ይኸኛው ግን እንደ እርጥብ ግንድ የታፈነ ድምፅ ሰጠ። በሁለተኛው ምት እንደ ዛፍ ቅርፊት ተላጠ፤ በሦስተኛው የመዶሻው ጫፍ ወደ ውስጥ ገባ።

ሻንሲ ማለት ከፊት እስከ ኋላ የሚዘረጉ ሁለት ረጃጅም ብረቶች፥ በመካከላቸውም እንደ መሰላል ደረጃ አግዳሚ ብረቶች ያሉበት የመኪና አጥንት ነው። ሞተሩም፥ ጋቢናውም፥ ጭነቱም የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው። በብዙ ፒክአፖች ረጃጅሞቹ ብረቶች ውስጣቸው ባዶ ስለ ሆነ ጭቃና ውሃ ይገባባቸዋል። ውሃው የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች በጭቃ ሲደፈኑ እርጥበቱ እዚያው ይቀመጣል፥ ዝገቱም ከውስጥ ይጀምራል። ስለዚህ የላዩ ቀለም ገና ሳይለቅ ውስጡ ተበልቶ ሊያልቅ ይችላል። በእኛይቱ የተበላው ከኋላ በስተግራ፥ ባሌስትራው ከሚታሰርበት በላይ፥ ማለት ሸክሙ ሁሉ ከሚጫነው ስፍራ ላይ ነበር።

በዚያው ሳምንት አንድ ደላላ ገዢ አለኝ ብሎ መጣ። ምክሩ አጭር ነበር፤ ቀጭን ላሜራ ለጥፉበት፥ ስቱኮ ቀቡት፥ ጥቁር ቀለም አልብሱትና ሽጡት። «ገዢ ተንበርክኮ ከሥር አያይም» አለን። ይህ ሰው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለባልቴቲቱ አዝኖ፥ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ መድረሱን ሰምቶ የተናገረው ነው። ክፉ ምክር ከክፉ ሰው ብቻ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ መለየቱ ምንኛ በቀለለ ነበር!

የወንድሜ ሚስት ወደ እኔ ተመለከተች። እኔ አሳብ አልጠፋኝም፤ ነገር ግን በሰው እንጀራ ጻድቅ መሆን ቀላል ስለ ሆነ አስቀድሜ አልተናገርኩም። እርስዋም ጥቂት ቆይታ ደላላውን፥ «ሰውየው ከኋላ ሰው ይጭንባታል?» ብላ ጠየቀችው። «በገበያ ቀን ሰው የማይጭን ማን አለ?» አላት። «እንግዲያስ እንዲህ ሆና አትሸጥም» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች።

ገንዘቡ የተገኘው ከእቁብ ነው፤ ተራዋ ሳይደርስ አስቀድማ እንድትወስድ ባልንጀሮቿ ፈቀዱላት። ሻንሲውን ሙሉ በሙሉ እንዳንለውጥ ቁጥሩ በሊብሬው ላይ የተጻፈ ነውና ጣጣው ብዙ ነው፤ ቁጥሩ ያለበት ክፍል ደግሞ ደኅና ነበር። ስለዚህ የተበላው ተቆርጦ በምትኩ አዲስ እንዲገባ ተስማማን።

ሥራው አራት ቀን ፈጀ። አስቀድሞ የባትሪው ሽቦ ተፈታ፥ የነዳጁ ማጠራቀሚያ ወረደ፥ የጭነቱን ሣጥን ስድስት ሰዎች አንሥተው አወረዱት። መኪናይቱ ደልዳላ ስፍራ ላይ በድጋፍ ቆመች። መካኒኩ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሜትር አግድሞ ለካ፤ ሁለቱ ልኮች እኩል ካልሆኑ ሻንሲው ጠማማ ሆኖ ይበየድና መኪናይቱ ዕድሜዋን በሙሉ ወደ ጎን እየሳበች ጎማ ትጨርሳለች። ከዚያ መቁረጥ ጀመረ። አንድ ስንዝር ይበቃል ያልነው የሚያበራ ብረት እስኪገኝ ድረስ ሦስት ስንዝር ሆነ። በዝገት ላይ የተበየደ ብረት የተለጠፈው በቅርፊት ላይ ነውና ከቅርፊቱ ጋር ይወድቃል። መጋጠሚያውን ቀጥ አድርጎ ሳይሆን አግድሞ ቆረጠው፥ ድካሙ በአንድ መስመር ላይ እንዳይወድቅ። ሲበይድም እሳት ብረትን ስለሚጎትት ጥቂት እዚህ፥ ጥቂት እዚያ እያለ፥ እያበረደ ነበር። የወጣት ትዕግሥት እንዲህ ያለ ሲሆን ማየት ለአሮጌ መምህር ደስ ያሰኛል።

ይህ ነገር የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልህ። በአሜሪካ በክረምት በረዶውን ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል። በዚያ አገር በሻንሲ ዝገት ምክንያት በቀረበ ክስ ቶዮታ ኩባንያ በ2016 እ.ኤ.አ. ለስምምነት በቅቷል፤ ጉዳዩ 1.5 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን የሚመለከት ሲሆን ወጪው እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ተገምቶ ነበር። በስምምነቱም ክፉኛ የተበላ ሻንሲ በአዲስ እንዲለወጥ እንጂ በቀለም እንዲሸፈን አልተባለም።

አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይላሉ። ለብረት እንኳ እርጥቡ ራሱ ጠላቱ ነው፤ ቢሆንም ምክሩ ይሠራል። ክረምት ሲወጣ ከሥር በንጹሕ ውሃ ማጠብ፥ ቀዳዳዎቹን በሽቦ መክፈት፥ ከደረቀ በኋላ ውስጡን ዘይት ማስነካት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

የወንድሜ ሚስት ተቆርጦ የወጣውን ብረት በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላ አስቀመጠችው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ ለመኪናይቱ ሌላ ገዢ መጣላት። ዋጋ ከመነጋገራቸው በፊት ከረጢቱን አምጥታ በፊቱ ፈታችና የት እንደ ነበረ፥ እንዴትም እንደ ተጠገነ አሳየችው። ሰውየው ብረቱን አገላብጦ አየ፤ ከሥር ገብቶ ብየዳውን በጣቱ ዳሰሰ፤ ተነሥቶም ልብሱን አራገፈና አርባ ሺህ ብር ቀንሽልኝ አላት። ሃያ አምስት ቀነሰችለት።